ዘንድሮ 13 ለሞላህ፣ ለስግድ

እንኳን ለስግድ፣ ለእኛ ለቤተ እስራኤል የጾምና የጸሎት በዓል፣ በሰላም አደረሳችሁ! ከዮም ኪፑር (ከስርየት ቀን) ወዲህ 50ኛው ቀን ደረሰ። መልእክቱ ለሁላችሁም ነው፤ በተለይ ግን ሰሞኑን ባር ሚጽቫ (ወንድ ልጅ 13 ሲሞላው ለትእዛዛቱ የሚበቃበትን በዓል) ላደረገው ለእህቴ ልጅ።

ጎረምሳው፣ እንኳን ደስ አለህ! ኦሪቱ ፊት ቆመህ ፓራሻህን (የሳምንቱን የኦሪት ንባብ) ሳትደነቃቀፍ ተወጣኸው፣ ከረሜላውም ዘነበብህ። አዳራሹና ዲጄው ስንት እንደፈጀ አባትህን አትጠይቀው። (ጎንደር ሳለን እንዲህ ያለ ድግስ አናውቅም ነበር። እዚህ እስራኤል ነው የለመድነው፤ በብድር ባይሆን ደግሞ ደስ ይለኛል።)

አሁን ለሚንያን (ለጋራ ጸሎት ከሚያስፈልጉት 10 ሰዎች) ትቆጠራለህ። ምኩራብ ውስጥ 9 ሰው ብቻ ተገኝቶ፣ ካዲሽ (ለሟች የሚባለውን ጸሎት) ሊል የመጣ ሐዘንተኛ በር በሩን ሲያይ፣ 10ኛው ሆነህ ብትገባለት ለኔ ከፓራሻው ንባብ ይበልጥብኛል። ማክሰኞ ጠዋት ነው፣ ከረሜላ የለም፣ የሚያጨበጭብም የለም።

ሌላው የኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ክሊኒኩ) ነገር ነው፤ አያትህን ልታስተረጉምላቸው ስትሄድ። አያትህ ጉልበታቸው መቼ እንደጀመራቸው፣ ሌሊት እንቅልፍ እንደሚነሳቸው፣ ክኒኑ ሆዳቸውን እንደሚያቃጥላቸው በአማርኛ አንድ በአንድ ያስረዳሉ፤ አንተ ስልክህን እየነካካህ በዕብራይስጥ "እግሯን ያማታል" ብለህ ትዘጋዋለህ። ይሄ ይቅር። ያሉትን ሁሉ ተናገር። አማርኛው ከጠፋህ ጠይቃቸው፣ አይቆጡህም። ሐኪሟ መድኃኒት የምታዘው ባንተ ቃል ነው እኮ!

ቄሶቻችን በስግድ ከሚያነቡት አንዱ መጽሐፈ ነህምያ ነው። እዚያ ቃል ኪዳኑን ያደሱት ሽማግሌዎቹ ብቻ አይደሉም፤ ሚስቶቻቸውም፣ ወንዶችና ሴቶች ልጆቻቸውም፣ የሚያስተውል ሁሉ ገብቶበታል። ስለዚህ "ገና ልጅ ነኝ" የምትለዋ ነገር አታዋጣም። 12 ሞልቷት ባት ሚጽቫ ያደረገችው እህትህም ብትሆን እንዲሁ።

ስግድን ክኔሴት (የእስራኤል ፓርላማ) እ.ኤ.አ. በ2008 በሕግ የአገሪቱ በዓል አድርጎታል፣ ጥሩ ነው። ግን ክፍል ውስጥ "ምንድነው እሱ?" ሲሉህ ሕጉን ብትጠቅስ ማንም አይሰማህም። አያትህ ከመንደራቸው ለስግድ ጸሎት ወደ ተራራው እንዴት ይወጡ እንደነበር፣ ምን ለብሰው፣ ከማን ጋር፣ በሕይወት ሳሉ ጠይቃቸውና እሱን ለክፍል ጓደኞችህ ንገራቸው።

ኢየሩሳሌም አርሞን ሀነጺቭ፣ ስግድ ወደሚከበርበት ከፍታ፣ ስንወጣ ከጓደኞችህ ጋር መዞርህ አይቀርም፣ ግድ የለም። መጀመሪያ ግን አያትህን የቄሶቹ ድምፅ የሚሰማበት ቦታ አድርሳቸው፣ ወንበርም ፈልግላቸው። ጾሙ የሚፈታው ከጸሎቱ በኋላ ነውና ዳቦውን ከቦርሳቸው እንዳትቆርስ፣ አውቅሃለሁ!

መልካም ስግድ ለሁላችሁም።