«ዛሬ ቡና ከማን ጋር ጠጡ?»

«ደኅና ነኝ፣ ተመስገን።» የእኛ ሰላምታ ረጅም ነው፤ ጤናው፣ ልጁ፣ ጎረቤቱ፣ ዝናቡ ሳይቀር ይጠየቅበታል። መልሱ ግን አንድ ነው። እህል ሳይቀምስ የዋለም፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ ያደረም «ተመስገን» ይላል። ብቻቸውን ለሚውሉ አረጋውያን በስልክ የሚደውል በጎ ፈቃደኛ ሰላምታውን ሳይቆርጥ እስኪያልቅ ይጠብቅና ወዲያው የሚጨበጥ ነገር ይጠይቅ። ለጅማ ሰው ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላውቅም፦ «ዛሬ ቡና ከማን ጋር ጠጡ?» «ለብቻዬ ምን ብዬ አፈላለሁ» የሚል መልስ ከመጣ፣ የቀረውን መጠየቅ አያስቸግርም።

«ልጆች ደወሉ ወይ?» ግን አይጠየቅም። ካልደወሉ ቁስሉን መንካት ነው፤ ከደወሉም ራሳቸው ያነሱታል።

ሥራው ቀላል ይመስላል፦ አንድ በጎ ፈቃደኛ፣ አንድ አረጋዊ፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ 20 ደቂቃ። ምክርም ሕክምናም እርዳታም አይደለም፤ ጨዋታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ ብቸኝነት እንደሚያጠቃው ገልጿል። ስልክ ለዚህ ምን ያደርጋል ለሚል፣ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ የቴክሳስ ጥናት አለ። ምግብ እቤታቸው ድረስ ከሚመጣላቸው ሰዎች 240ው ተሳተፉ፤ ለግማሾቹ አጭር ሥልጠና የወሰዱ 16 ወጣቶች፣ ከ17 እስከ 23 ዓመት የሆኑ፣ ለ4 ሳምንታት ደወሉ። የተደወለላቸው ሰዎች ብቸኝነት፣ ድብርትና ጭንቀት ካልተደወለላቸው ይልቅ ቀነሰ። ደዋዮቹ ባለሙያዎች አልነበሩም። የሚሰሙ ነበሩ።

የመጀመሪያው ትውውቅ በስልክ አይሆንም። «ሽልማት ደርሶዎታል» እያሉ ገንዘብ የሚወስዱ አጭበርባሪዎች ስላሉ፣ የማያውቁትን ቁጥር የማያነሱ አረጋውያን ልክ ናቸው። በእድሩ ዳኛ ወይም በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ በሚያምኑት ሰው በኩል እቤት ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። የዚያን ቀን አራት ነገር ይያዛል፦ በምን መጠራት እንደሚወዱ (እማማ፣ አባባ፣ ሃጂ፣ እትዬ)፣ በየትኛው ጆሮ እንደሚሰሙ፣ ስልክ ባይነሳ የሚጠየቅ የቅርብ ጎረቤት ቁጥር፣ እና ቋንቋ። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። በጅማ ገበያ ውስጥ አማርኛ አቀላጥፈው የሚነጋገሩ ብዙ ሰዎች ሐዘናቸውን የሚያወሩት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ዳውርኛ ወይም ከፍኛ የሚቀናቸውም አሉ። ደዋዩ በዚያው ቋንቋ ይመረጥ። የደዋዩ ቁጥርም እዚያው ቁጭ ብሎ ከነስሙ በአረጋዊው ስልክ ላይ ይመዝገብ።

ሰዓቱን መምረጥ ጅማን ማወቅ ይጠይቃል። በክረምት ከሰዓት በኋላ አይደወልም፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ምንም አይሰማም፣ ሰውየው «እሺ፣ እሺ» እያሉ ሳይሰሙ ይዘጋሉ። ሐሙስ ትልቁ ገበያ ነው። ዓርብ ከጁምዓ ጋር፣ እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ ጋር ይጋጫል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ለብዙ ሰው ይስማማል። አንዴ ከተወሰነ በኋላ ሰዓቱ አይነቃነቅም። ይህንን የማጠብቅበት ምክንያት አለኝ፦ አረጋዊቷ ከ3 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። ሳይደወል የቀረ ቀን፣ ጭራሽ ካልተጀመረው የባሰ ይጎዳል። መደወል የማይቻል ከሆነ ከዋዜማው ይነገራል።

ወጪው የደዋዩ ነው፤ ለእያንዳንዱ በጎ ፈቃደኛ ከሦስት ሰው በላይ አይሰጥ። ሦስት ሰው በሳምንት ሁለት ጊዜ 20 ደቂቃ ሲደወልላቸው 120 ደቂቃ ነው፤ በአራት ሳምንት 480። ስለዚህ ወርኃዊ የድምፅ ጥቅል መግዛት ያዋጣል። መብራት ሲጠፋ የአረጋዊው ስልክ ባትሪ ያልቃል፤ «ከተቆረጠ ከ10 ደቂቃ በኋላ እኔው እደውላለሁ» ብሎ አስቀድሞ መስማማት ነው፤ አለበለዚያ ዘግተውብኝ ነው ብለው ያዝናሉ።

አነጋገር ላይ ሁለት ስህተት ይደጋገማል። አንደኛው መጮኽ ነው። በዕድሜ የሚደክም ጆሮ አስቀድሞ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ ሲጮኽ ድምፅ ይቀጥናል፣ በስልክም ይሰነጠቃል። ድምፅን ወፈር፣ ንግግርን ዘግየት ማድረግ ይሻላል። ሁለተኛው ትንፋሽ ወደ ውስጥ እየሳብን የምንላት «አዎ» ናት። ፊት ለፊት ስንቀመጥ «እየሰማሁ ነው» ማለት ነው፤ በስልክ ግን ወይ አትሰማም፣ ወይ እንደ ድንጋጤ ትሰማለች። ራስ መነቅነቅም አይታይም። «እሺ»፣ «እንዴ!»፣ «ከዚያስ?» በድምፅ መባል አለባቸው። ዝም ሲሉ ደግሞ «አለሁ፣ አይቸኩሉ» ይበቃል።

ለአረጋዊው ገንዘብ አይላክም፣ ከእሳቸውም አይወሰድም፤ የቴሌብር ምስጢር ቁጥር በጨዋታ መሃል ቢነግሩን እንኳ «እባክዎ ለማንም አይንገሩ» ተብሎ ይታለፋል። የመድኃኒት ምክር አይሰጥም። ከጥሪው በኋላ ደብተር ላይ ሦስት መስመር ይጻፋል፦ ቀኑ፣ በሚቀጥለው የሚጠየቅ ነገር (የዶሮዋ ጫጩቶች፣ የጉልበቱ ሕመም)፣ የሚያሳስብ ካለ።

የሚያሳስበውን መለየት ከባድ ነው። «ምነው በወሰደኝ» የሽማግሌ ወግ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ምግብና እንቅልፍ ከቀነሰ፣ መድኃኒት ከተተወ፣ ንብረት መከፋፈል ከተጀመረ በግልጽ ይጠየቅ፦ «ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣባቸውም፤ ብዙውን ጊዜ ያቀልላቸዋል። አዎ ካሉና እንዴት እንደሚያደርጉት ካሰቡበት ስልኩ አይዘጋም፤ በሌላ ስልክ ጎረቤቱ ይጠራል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ስልክ ካልተነሳ ደግሞ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይደገማል፤ አሁንም ካልተነሳ ያንኑ ቀን ለጎረቤቱ ይደወላል፤ ለነገ አይቀጠርም።

በከተማው ጥሩ ደዋዮች የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ ተመርቀው ግን ይሄዳሉ። መሄዱ ከአራት ሳምንት በፊት ይነገር፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥሪዎች ላይ አዲሱ ደዋይ አብሮ ይግባ። በመጨረሻው ጥሪ «አልፎ አልፎ እደውላለሁ» አይባልም። «ማክሰኞ 4 ሰዓት የሚደውልልዎ እሱ ነው» ይባላል፤ ማክሰኞ 4 ሰዓት ላይም ይደወላል።