ዳሽካሜን ከፊውዝ ሳጥኑ ላይ እንዴት ገጠምኩት

ዳሽካም (መስታወት ላይ ተለጥፎ መንገዱን የሚቀርጽ ካሜራ) ገዝቶ ላይተሩ፣ ማለትም የሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ላይ ሰክቶ መንዳት ማንም ይችላል። ችግሩ ቁልፉ ሲነቀል ላይተሩም አብሮ ይጠፋል። እኔ ደግሞ ካሜራውን አጥብቄ የምፈልገው መኪናዋ ቆማ እኔ በሌለሁበት ሰዓት ነው። ደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር አቁመህ ትገባለህ፣ ስትመለስ ፓራውልቱ ተሰንጥቋል፣ የገጨው ሰው የለም፣ ዙሪያውን የቆመው ሁሉ ደግሞ «እኔ አሁን ነው የመጣሁት» ይልሃል። ስለዚህ ካሜራው ቁልፍም ሳይኖር እንዲሠራ በቀጥታ ከፊውዝ ሳጥኑ ላይ ልገጥመው ወሰንኩ።

መኪናዋ ሁላችሁም የምታውቋት አሮጌዋ ኮሮላ ናት። የውስጥ ፊውዝ ሳጥኗ ከመሪው በታች በግራ በኩል ነው። አጎንብሰህ ነው የምትሠራው፣ ወገብህን ያማል፣ ከዚህ ውጭ ግን ይህን ያህል የሚያስፈራ ነገር የለውም።

መጀመሪያ ኤሌትሪኮ (የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪ) ጠይቄ ነበር። «ከቴፑ ሽቦ ላይ አስርልሃለሁ፣ ቡናህን ጠጥተህ እስክትመጣ ያልቃል» አለኝ። ልጁ እጁ ይፈታል፣ ብዙ መኪና ላይም እንዲሁ ነው የሚሠራው። ግን ደህናውን ሽቦ ልጦ ሌላ ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ ጠቅልሎ መተው አልዋጥልህ አለኝ። ናስትሮ ሙቀት ሲበዛበት ሙጫው ይቀልጥና ይላቀቃል፣ ያ የተላጠ ሽቦ ደግሞ ላሜራ ከነካ ጣጣ ነው። ጎረቤታችን ዕድሜያቸውን አይሱዙ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ሳማክራቸው «ልጄ፣ ሽቦ ቀጥሎ ያልተጸጸተ ሾፌር አላየሁም» አሉኝና ጨረሱት። ራሴው ልሠራው ተነሳሁ።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። አንደኛው ለካሜራው የሚሆን የገመድ ኪት ነው። ካሜራው የሚፈልገው 5 ቮልት ነው፣ ባትሪው 12 ነው፤ ገመዱ መሃል ላይ ያለችው ትንሽ ጥቁር ሳጥን 12ቱን ወደ 5 ታወርዳለች፣ ባትሪው ሲደክም ደግሞ ኤሌክትሪኩን ትቆርጣለች። ከዚህች ሳጥን ሦስት ሽቦ ይወጣል። በኔ ኪት ቢጫው ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ካለበት ፊውዝ፣ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ከሚበራ ፊውዝ፣ ጥቁሩ ከማሳ (ከመኪናዋ የብረት አካል) ጋር ነው የሚገናኘው። ካሜራው መኪናዋ እየሄደች ይሁን ቆማ የሚያውቀው በቀዩ ነው። ቀዩና ቢጫው ከተቀያየሩ የፓርኪንግ ቀረጻ የሚባል ነገር አይኖርም። የቀለሙ ነገር ግን ከአምራች አምራች ይለያያል፣ ወረቀቱን እዩ።

ሁለተኛው ፊውዝ ታፕ የሚሉት ነው። ፊውዙን ነቅለህ እሱን ትሰካለህ፣ የድሮውንና የካሜራውን ፊውዝ ሁለቱንም እሱ ይይዛቸዋል። ምንም ሽቦ አይላጥም፣ መኪናዋን ስትሸጥም ነቅለህ እንደነበረች ታስረክባለህ። እዚህ ላይ አንድ ነገር፦ የፊውዝ መጠን ይለያያል። መደበኛ አለ፣ ሚኒ አለ፣ አጭር ሚኒ አለ፣ ከዚያም ያነሰ አለ። እኔ አንዷን ፊውዝ ነቅዬ ኪሴ ከትቼ ነው ባሕር ዳር ሱቅ የገባሁት። ባለሱቁ «ሁሉም አንድ ነው» አለኝ፣ አይደለም፤ ጎን ለጎን አስቀምጠን ስናያቸው እሱም ሳቀ።

ሦስተኛው መልቲሜትር (የቮልት መለኪያ) ነው። ያለሱ ባትጀምሩት ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው። የትኛው ፊውዝ ላይ ይሰካ? ክዳኑ ላይ ሥዕልና ጽሑፍ አለ፣ ግን አሮጌ መኪና ላይ ማን ምን እንደነካካው አይታወቅም፣ ስለዚህ መለካት ነው። የሜትሩን ጥቁር ጫፍ ቀለም ያልተቀባ ብሎን ላይ ታደርጋለህ። ፊውዝ ጀርባው ላይ ሁለት ጥቃቅን የብረት ነጥቦች አሉት፣ በቀዩ ጫፍ እነሱን ትነካለህ። ቁልፍ ሳይኖር 12 ቮልት ካሳየህ የቢጫው ቦታ ነው። ቁልፉን አንድ ደረጃ ስታዞር ብቻ ከመጣ የቀዩ ነው። ለቀዩ የላይተሩን ፊውዝ መረጥኩ፣ 15 አምፔር፣ ሰማያዊዋ። ለቢጫው ደግሞ ብልሽት መመርመሪያ የሚሰካበትን ሶኬት ፊውዝ ወሰድኩ፣ ቡናማዋ 7.5። የኤርባግ፣ የፍሬን፣ የፍሬን መብራትና የሞተር ኮምፒውተር ፊውዞችን ኤሌክትሪክ ቢኖራቸውም አትንኳቸው። አንድ ነገር ቢበላሽ ጠፍቶ ደስ የሚልህ ቴፑ እንጂ ፍሬኑ አይደለም።

ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚያልፈው ግን የታፑ አቅጣጫ ነው። ፊውዝ ሲነቀል ሁለት ቀዳዳ ይቀራል፤ አንዱ ከባትሪ የሚመጣበት፣ ሌላው ወደ ዕቃው የሚሄድበት። ታፑ ላይ ያሉት ሁለት ፊውዞች ደግሞ አንድ እግር ይጋራሉ። ያ የጋራ እግር ኤሌክትሪክ የሚመጣበት ቀዳዳ ውስጥ መግባት አለበት። ተገልብጦ ቢገባም ካሜራው ይበራል፣ ለዚህ ነው ማንም የማያስተውለው። ግን ያኔ የካሜራው ጭነት በድሮው ፊውዝ በኩል እየዞረ ነው የሚመጣው፣ የድሮው ከተቃጠለ ካሜራውም አብሮ ይሞታል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። የድሮውን ፊውዝ ከታፑ ላይ አውጣ፣ የካሜራውን ብቻ ተው፣ ሰካው፣ የታፑን ሽቦ ጫፍ ለካ። 12 ካሳየ ልክ ነው። ካላሳየ ገልብጠው። ለቀዩ መስመር ስትለካ ቁልፉን ማዞር እንዳትረሳ፣ አለዚያ በባዶ ስትገለባብጥ ትውላለህ። ለካሜራው 3 አምፔር ፊውዝ ይበቃዋል። 10 ወይም 15 የሚያስገቡ አሉ፤ ለዚያች ቀጭን ሽቦ 15 ማስገባት ፊውዝ እንደሌለው ያህል ነው፣ ፊውዙ ከመበጠሱ በፊት ሽቦው ይቀልጣል።

ይህን ከጨረስኩ በኋላ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትቼ ሽቦዎቹን አገናኘሁ። ማሳው ላይ ከሳጥኑ አጠገብ ከሻንሲው ጋር የታሰረ ብሎን አገኘሁ፣ ሥሩን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ ብረቱ ሲያበራ አሰርኩት። ማሳ ካልጠበቀ ካሜራው በየጉድጓዱ እየጠፋ ይበራል፣ ሰውም ካሜራውን ይሰድባል።

ገመዱን ማሳለፍ የሚባለውን ያህል አያስቸግርም። ከመስታወቱ ጀርባ፣ በጣሪያው ጨርቅ ጠርዝ፣ በምሰሶው፣ ከዚያ በበሩ ጎማ ሥር ወደ ታች። በጣት ግፊት ይገባል፣ ካቻቢቴ አያስፈልግም። ምሰሶው ላይ የኤርባግ ጽሑፍ ካለ ግን ገመዱ ከኤርባጉ በስተኋላ ነው ማለፍ ያለበት፤ ከፊቱ ካለፈ ኤርባጉ ሲፈነዳ ገመዱን ፊት ላይ ይወረውረዋል። መሪውና ፔዳሉ አካባቢ ደግሞ ምንም የሚንጠለጠል ነገር እንዳይቀር።

አሁን ባትሪው። የኔ ኪት ኤሌክትሪክ የሚቆርጥበትን ልክ ያስመርጣል፣ ዝቅተኛው 11.8 ቮልት ነው። ብዙ ሰው ካሜራው ረጅም ሰዓት እንዲቀርጽለት ብሎ እሱን ይመርጣል። ሞልቶ ያረፈ ባትሪ 12.6 አካባቢ ነው፣ 12.2 ላይ ግማሽ ደርሷል፣ 11.8 ላይ ጨርሷል ማለት ይቻላል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር በላይ ነው፣ የሌሊቱን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ብርድ ላይ ደግሞ ባትሪ ሞቶሪኖ (ሞተር ማስነሻውን) የማዞር ጉልበቱ ይቀንሳል። እኔ 12.2 ላይ አደረግሁት። ቆማ ስለካው ካሜራው የሚስበው ከ0.3 አምፔር ብዙም አይርቅም፣ ለ12 ሰዓት ሌሊት 3.6 አምፔር ሰዓት ገደማ ይሆናል። 60 የተጻፈበት አዲስ ባትሪ ይህን አይሰማውም። አሮጌ ባትሪ ግን 60 ተጽፎበት 60 አይደለም። መኪናችሁን ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤት ብቻ የምትነዱ ከሆነም ባትሪው ሌሊት የወጣውን ቀን አይተካም፤ ግቢ ውስጥ ስታድር የፓርኪንግ ቀረጻውን አጥፉት። ዘበኛ ያለበት ግቢ ካሜራ ምን ያደርግለታል?

ቅንብሩ ላይ ያልጠበቅሁት ነገር ነበር። የእንቅስቃሴ ቀረጻውን ስከፍተው ሚሞሪው ዶሮና ፍየል ብቻ ሞላው፣ አንዷ ዶሮማ ስም እስኪወጣላት ድረስ ታየች። ስለዚህ ሲቆም ግጭት ሲሰማው ብቻ እንዲቀርጽ አደረግሁት። ሲሄድም ሌላ ጣጣ አለ፦ የግጭት ሴንሰሩ ስሜቱ ከፍ ካለ ኮብልስቶንና ፒስታ ላይ እያንዳንዱን ንዝረት አደጋ ነው ብሎ ፋይሉን ይቆልፋል። የተቆለፈ ፋይል ደግሞ አዲሱ ሲመጣ አይጠፋም፣ ተጠራቅሞ ካርዱን ይሞላዋል፣ ከዚያ የእውነት ግጭት ሲመጣ ቦታ የለም። ዝቅተኛው ላይ አድርጉት። ካርዱም ለተደጋጋሚ ቀረጻ የተሠራ ዓይነት ይሁን፣ የስልክ ካርድ ቶሎ ይሞታል።

ዓባይ በረሃን ለሚወርድ ሰው ደግሞ ሙቀት አለ። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1000 ሜትር በላይ ነው የምትወርደው፣ ብርዱን ደጀን ትተህ ታች ምድጃ ነው። ውስጡ ሊትየም ባትሪ ያለው ካሜራ እንዲህ ባለ ሙቀት ያብጣል፤ በካፓሲተር የሚሠራውን ግዙ። ማጣበቂያውም እንዳይለቅ መስታወቱን በአልኮል ጠርጉት፣ የፋርማሲውን ማለቴ ነው፣ አረቄውን ለሥራው ማብቂያ አቆዩት። ማለዳ መስታወቱ ጤዛ ሲኖርበት የለጠፈ ሰው ቁልቁለቱን ሳይጨርስ ካሜራውን ከክሩስኮቱ (ከዳሽቦርዱ) ላይ ይለቅማል።

ሰዓቱን ስታስተካክሉ የካሜራው አቆጣጠር የፈረንጅ መሆኑን አትርሱ፤ 14 ሰዓት የሚለው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ትራፊክ ፊት ቆሞ ቪዲዮ ፈልጎ ማጣት ያናድዳል።

መጨረሻ ላይ የጨመርኩት ትንሽ ማጥፊያ ነው፣ ጥቁሩ ሽቦ ላይ፣ እጅ በሚደርስበት ከመሪው ሥር። ጥቁሩ ሲቆረጥ ቀዩም ቢጫውም ሥራ ያቆማሉ፣ አንድ ማጥፊያ ለሁለቱም ይበቃል። ያደረግሁት ለኬላ ብዬ ነው። ፍተሻ ባለበት ቦታ መብራቷ ብልጭ ብልጭ የምትል ካሜራ ይዞ መቅረብ ለማንም አይበጅም፣ እኔ ከሩቅ ሳየው አጠፋዋለሁ፣ ካለፍኩ በኋላ አበራዋለሁ። የኋላውን ካሜራ ገና አልገጠምኩም፤ ገመዱ በኋላ በሩ ማጠፊያ ጎማ ውስጥ ማለፍ አለበት፣ እሱን ክረምቱ ሲወጣ አየዋለሁ።