መጀመሪያ ዘምሬ፣ ኋላ ፒያኖ፦ ከኮዳይ የተማርኩት

ፒያኖ ስጫወት ጣቴ የቱን ቁልፍ እንደሚነካ ያውቃል። ጆሮዬ ግን ከመነካቱ በፊት ምን ድምፅ እንደሚወጣ አያውቅም ነበር። ይህን ያቃናልኝ የሀንጋሪው የሙዚቃ ደራሲና መምህር ዞልታን ኮዳይ ነው።

ኮዳይ እ.ኤ.አ. በ1882 በሀንጋሪዋ ኬችኬሜት ከተማ ተወለደ። ከ1905 ጀምሮ በየገጠሩ እየዞረ የገበሬዎችን ዘፈን ሰበሰበ፤ ሌላው የሀንጋሪ የሙዚቃ ደራሲ ቤላ ባርቶክም በዚህ ሥራ ጓደኛው ሆነ። ቡዳፔስት በሚገኘው የሙዚቃ አካዳሚ ለረጅም ዓመታት አስተምሯል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ያን ያህል ስም ያለው ደራሲ ለሕፃናት መዘምራን ተቀምጦ መጻፉ ነው። እምነቱ ግልጽ ነበር፦ መጀመሪያ ድምፅ፣ ከዚያ መሣሪያ። በ1950 ኬችኬሜት ውስጥ ልጆች በየቀኑ የሚዘምሩበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተከፈተው በዚሁ ሐሳብ ነው።

እኔም ፒያኖውን ዘግቼ የእሱን 333 የኖታ ንባብ መልመጃዎች ያዝኩ። መጀመሪያ ዜማውን ትቼ ምቱን ብቻ አጨበጭባለሁ፤ ረዘም ያለውን «ታ»፣ አጫጭሮቹን «ቲ ቲ» እያልኩ። ከዚያ ዜማውን በድምፆቹ ስም፣ በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ እዘምራለሁ። ዶ ቋሚ ቦታ የለውም፤ ዜማው በሙሉ ከፍ ብሎ ሲዘመር ዶም ከፍ፣ ዝቅ ብሎ ሲዘመር ዝቅ ይላል። ስለዚህ ጆሮ የሚለምደው በድምፆች መካከል ያለውን ርቀት ነው።

ለእያንዳንዱ ድምፅ የሚሠራውን የእጅ ምልክት አትዝለሉት። መነሻው የእንግሊዛዊው የሙዚቃ መምህር ጆን ከርወን ሥራ ነው። ለዶ እጅ ወገብ አካባቢ ይጨበጣል፣ ለሚ መዳፍ ወደ መሬት ይዘረጋል፣ ለሶ መዳፍ ወደ ደረት ይዞራል። ትልቅ ሰው ሲሠራው ሊያፍር ይችላል። ግን ከሶ ወደ ሚ ያለውን ርቀት ከጆሮዬ ቀድሞ የያዘው ክንዴ ነው።

«ፋ» እና «ቲ» የተባሉት የዜማ ድምፆች ላይ ለመድረስ አትቸኩሉ። ከጎረቤታቸው የሚለያቸው ግማሽ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ጀማሪን ያንሸራትታሉ። ኮዳይም ጀማሪን የሚያስነሳው በአምስት ድምፅ ዜማ ነው፤ የሀንጋሪ ጥንታዊ የሕዝብ ዜማዎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው።

ከሁሉ አብልጦ የጠቀመኝ ግን በውስጥ መስማት ነው። አንዱን መስመር ጮክ ብዬ እዘምራለሁ፣ ቀጣዩን በልቤ ብቻ፣ ሦስተኛውን እንደገና ጮክ ብዬ። ከዚያ በፒያኖ አረጋግጣለሁ። ድምፄ ወርዶ ከተገኘ፣ ያመለጠኝ ዝም ባልኩበት መስመር ላይ ነው ማለት ነው። ያንን መስመር ብቻ ነጥዬ እደግመዋለሁ።

አሁን ባለ ሁለት ድምፅ ሥራዎቹ ላይ ነኝ። አንዱን ድምፅ እየዘመርኩ ሌላውን በፒያኖ እጫወታለሁ፣ ከዚያ አቀያይራለሁ። ከከበዳችሁ ሁለቱንም ለየብቻ ዘምሯቸው፤ ፒያኖው በኋላ ይጨመራል።