ሰርተፍኬት ሳይኖረኝ ውሃ ስር ስወርድ ኢንሹራንሴን ያስተካከልኩት እንዲህ ነው

ስኩባ ዳይቪንግ፣ ማለትም አየር የተሞላ ታንክ ይዞ ውሃ ስር መጥለቅ፣ ሊሞክር የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሻርክ ነው። ስለ ኢንሹራንስ ሲጠይቅ የሰማሁት ሰው ግን ብዙም የለም። እኔ ደግሞ ውል ሳላነብ እንቅልፍ የማይወስደኝ ዓይነት ነኝ። ጓደኞቼ “ጠበቃው” እያሉ ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ። ለሙከራ ዳይቭ ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት የጉዞ ኢንሹራንሴን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ።

የሙከራ ዳይቭ የሚባለው ሙሉ ኮርስ ሳይወስዱ፣ አጭር ገለጻ ሰምቶና ትንሽ ተለማምዶ ከአስተማሪ ጋር መጥለቅ ነው። ጠላቂዎችን የሚያሠለጥነውን የፓዲን “ዲስከቨር ስኩባ ዳይቪንግ” ብንወስድ ከ10 ዓመት ጀምሮ መሞከር ይቻላል፤ ጥልቀቱ ከ12 ሜትር አያልፍም። ስትጨርሱ ማስታወሻ የሚሆን ወረቀት ቢሰጧችሁም የጠላቂነት ሰርተፍኬት አይደለም። ኢንሹራንስ ላይ ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ፖሊሲዬ ላይ ከሚሸፈኑት ስፖርቶች መካከል ስኩባ ዳይቪንግ ተጽፏል። አጠገቡ ግን ትንሽ ኮከብ አለች። ኮከቧን ተከትዬ ወደ ገጹ ግርጌ ስወርድ በደቃቅ ፊደል “እስከ 30 ሜትር ድረስ፣ ተጠቃሚው እውቅና ያለው ሰርተፍኬት ሲኖረው” ይላል። 30 ሜትር የመውረድ ሐሳብ የለኝም፤ ሰርተፍኬትም የለኝም። የሌሎችን ኩባንያዎች ፖሊሲ ሳገላብጥ ነገሩ ወጥ እንዳልሆነ ገባኝ። አንዱ ሰርተፍኬት የሌለውን ጭራሽ አይሸፍንም። ሌላው ብቃት ካለው አስተማሪ ጋር እስከሆነ ድረስ ችግር የለበትም። ሌላው ደግሞ ተጨማሪ ዓረቦን ተከፍሎ የአደገኛ ስፖርቶች ጥቅል ካልተገዛ ወይ ፍንክች!

ስልክ ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ በጣም ትሁት ነበረች። “ዳይቪንግ ይሸፈናል፣ አያስቡ” አለችኝ። የስልክ “አያስቡ” ግን ነገ ጉዳት ሲደርስ ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ጥያቄዬን በኢሜይል ላክሁ፦ “የጠላቂነት ሰርተፍኬት የለኝም። ፈቃድ ካለው አስተማሪ ጋር፣ ቢበዛ 12 ሜትር ጥልቀት ላይ የሙከራ ዳይቭ ላደርግ ነው። የሕክምና፣ የሃይፐርባሪክ ቻምበር (በከፍተኛ ግፊት የሚታከሙበት ዝግ ክፍል) እና በአየር የመጓጓዣ ወጪ ይሸፈንልኛል? በየትኛው አንቀጽ እንደሆነ ቢገልጹልኝ።”

መልሱ ሲመጣ በስልክ ከተባልኩት ጋር ጭራሽ አይገናኝም። በመደበኛው ፖሊሲ አይሸፈንም፤ ተጨማሪው ጥቅል ከተገዛ ግን ይሸፈናል። ጥቅሉን ገዛሁ፤ ኢሜይሉንም ስልኬ ላይ አስቀመጥኩት። አንቀጹን መጠየቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። መልስ የሚሰጠው ሰው በግምት እንዳይናገር፣ ውሉን ከፍቶ እንዲያነብ ያስገድደዋል።

“ለ12 ሜትር ይሄ ሁሉ?” የሚል አይጠፋም። 10 ሜትር ላይ ያለው ግፊት ከውሃው በላይ ካለው እጥፍ ነው። ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ሳንባው ውስጥ ያለው አየር እየሰፋ ይሄዳል። ሳንባን ለመጉዳት ከአንድ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ጥልቀት ይበቃል፤ መዋኛ ገንዳ ውስጥም ሊደርስ ይችላል። አየሩ ወደ ደም ሥር ከገባ ሕክምናው ቻምበር ነው። በብዛት የሚሠራበት የሕክምና መርሐ ግብር፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰንጠረዥ 6፣ በሽተኛውን 18 ሜትር ጥልቀት ላይ በሚኖረው ግፊት ኦክስጅን እያስተነፈሰ ይጀምራል፤ አንዱ ዙር ብቻ ወደ 5 ሰዓት ይጠጋል። ቻምበሩ ሩቅ ከሆነ ደግሞ በሽተኛውን የሚወስደው አውሮፕላን ዝቅ ብሎ መብረር፣ ካልሆነም ውስጡ የባሕር ጠለል ግፊት እንዲኖረው መደረግ አለበት። ሒሳቡ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ሕክምናን ሸፍኖ መጓጓዣን የሚተው ፖሊሲ ለጠላቂ ግማሽ ፖሊሲ ነው ባይ ነኝ።

በነገራችን ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የተመሠረተው ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ፣ በአጭሩ ዳን፣ የአደጋ ጊዜ ስልኩን አባል ላልሆነም ሰው 24 ሰዓት ያነሳል። የሚሰጠው ግን ምክር ነው፤ ሒሳብ አይከፍልላችሁም።

ዳይቭ ሴንተሩ ጋ ስጠይቅ “እኛ ሙሉ ኢንሹራንስ አለን” አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ያላቸው ግን የድርጅቱና የአስተማሪው የኃላፊነት መድን ነው። አስተማሪው አጥፍቶ ቢጠየቅ ለእሱ የሚቆም ማለት ነው። ማንም ሳያጠፋ ጆሮዬ ቢጎዳ የሐኪም ቤት ሒሳቤ የራሴ ዕዳ ነው። በዚያ ላይ ከመጥለቄ በፊት የሚያስፈርሙኝ ወረቀት “አደጋውን አውቄ ተቀብያለሁ” የሚል ነው።

ከዚያ የጤና መጠይቁ መጣ። ልብ፣ ሳንባ፣ ጆሮ፣ የሚወሰድ መድኃኒት፣ ሁሉንም ይጠይቃል። እኔ ሳይነሴ ቶሎ ቶሎ ይነሳብኛል፤ እሱም ተጠቅሷል። ቅጹን የሰጠኝ ልጅ “ሁሉንም ‘አይ’ በለው፣ አለበለዚያ ሐኪም ያስፈልግሃል” ብሎ መከረኝ። ለእሱ ቀላል ነው፤ ፊርማው የእኔ ነው። ኢንሹራንሱ ካሣ ላለመክፈል ምክንያት ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ወረቀት ነው። “አዎ” ብዬ ሞላሁ፤ ሐኪም አየኝና ፈረመልኝ። ዳይቩ ለሌላ ቀን ተላለፈ፣ በቃ።

የበረራ ሰዓቴንም አብሬ አየሁ። ከአንድ ዳይቭ በኋላ ለመብረር ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለተከታታይ ቀናት ለጠለቀ ደግሞ 18 ሰዓት መቆየት ይመከራል።

እኔ ደህና ወጣሁ። አብሮኝ የጠለቀው ጓደኛዬ ግን አንድ ጆሮው ተደፍኖበት እያመመው ወጣ። በጀማሪዎች ላይ በብዛት የሚታየው ጉዳት ይኸው የጆሮ ነው። ወደ ክሊኒክ ከመሄዳችን በፊት በእሱ ፖሊሲ ላይ ባለው የእርዳታ ቁጥር ደወልን፤ ቀድሞ አለማሳወቅ በብዙ ውሎች ላይ ክፍያ ያስቀራል። አስተማሪው የዳይቭ ኮምፒውተሩን አውጥቶ ከፍተኛውን ጥልቀት አሳየን፤ 9.4 ሜትር ይላል። ፎቶ አነሳሁት። ያኔ ጓደኛዬ ጆሮውን ይዞ “ጠበቃው፣ አሁን ይሄ ጊዜው ነው?” አለኝ።

ጊዜው ነበር። ኢንሹራንሱ የሐኪሙን ወረቀትና ደረሰኝ ብቻ አይደለም የጠየቀው። የአስተማሪውን ስምና የምዝገባ ቁጥር፣ የተፈረመበትን የጤና መጠይቅ፣ ስንት ሜትር እንደወረደም ጠየቀ። ሁሉም ስለነበረን ተቀናሹ፣ ማለትም ራሱ የሚችለው ድርሻ፣ ተቀንሶ ቀሪው ተከፈለው።

አሁን ጆሮው ድኖ ሰርተፍኬት ለሚያስገኘው የጀማሪዎች ኮርስ፣ ለኦፕን ዋተር፣ ሊመዘገብ ነው። “በቃ፣ ኮርስ ላይ ከሆንኩ እሸፈናለሁ ማለት ነው?” ሲለኝ፣ ኮርሱ እስኪያልቅ እሱም ሰርተፍኬት የሌለው ሰው እንደሆነ አስታወስኩት። የእኔን ኢሜይል ወስዶ የሙከራ ዳይቩን በኮርስ፣ 12ቱን ሜትር በ18 ተክቶ ለኢንሹራንሱ ልኳል። መልሱን እየጠበቀ ነው።