ውሃ ስትጠጣ አመሰገንኳት

ድመቴ ዳመና ውሃ ማብዛት የጀመረች ሰሞን ደስ ብሎኝ ነበር። እውነቴን ነው። ድመት ውሃ እምብዛም አትጠጣም ሲባል እሰማ ስለነበር፣ ሳህኗ ላይ ጎንበስ ብላ በምላሷ እየጨለፈች ስትጠጣ ባየኋት ቁጥር "ጎበዝ፣ የኔ ቆንጆ" እላታለሁ። ጠዋት የሞላሁት ሳህን ማታ ባዶ ነው። እሞላዋለሁ። ጠዋት ስነሳ ደግሞ ባዶ ነው። ጎበዝ!

ለካ ሳመሰግን የከረምኩት በሽታዋን ነው።

ዳመና 13 ዓመቷ ነው። ግራጫ ናት፣ ስሟም ከዚያው የመጣ ነው። መዳፌን የማትሞላ ግልገል ሆና ነው እኔ ዘንድ የገባችው። ስለዚህ እሷን በተመለከተ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ባይ ነበርኩ። የትኛው ወንበር ላይ በስንት ሰዓት እንደምትተኛ፣ የትኛውን እንግዳ እንደምትጠላ፣ ሁሉንም አውቃለሁ። ይህን ሁሉ አውቄ ግን ሁለት ወር ሙሉ ስትከሳ አላየኋትም።

ከውሃው ቀጥሎ የአሸዋ ሳጥኗ ከበደኝ። በቀን ሁለት ጓል ሽንት አወጣበት የነበረው ሳጥን አምስትና ስድስት ይወጣው ጀመር። ለዚህም መልስ አላጣሁለትም። ብዙ ከጠጣች ብዙ ትሸናለች፣ ምን ይገርማል? ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ብዙ የምትጠጣው ብዙ ስለምትሸና ነው። የታመመ ኩላሊት ውሃውን መልሶ መያዝ ያቅተዋል፤ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። እሷም የወጣውን ለመተካት ከሳህኑ ሥር አትጠፋም።

አንድ ቀን ማታ ጀርባዋን ስዳብስ አጥንቷ እንደ መቁጠሪያ ጣቴ ላይ ተቆጠረ። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። ወፍራም ጸጉሯ ሸፍኖት ነበር።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይላል ተረቱ። ይህን ተረት ግን ድመት አልሰማችም። ድመት አዳኝ ብትሆንም ትንሽ ናት፤ ለትልልቆቹ እሷም አደን ናት። ዱር ውስጥ መድከሟን ያሳየች ውላ አታድርም። ስለዚህ ቤት ውስጥ፣ ምንም የሚያሳድዳት በሌለበት፣ እጆቿን ከደረቷ ሥር አጣጥፋ "ደህና ነኝ" ብላ ትቀመጣለች። ኩርርርም ትላለች። እኔ ኩርርታ የደስታ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሲያማቸውም ሲፈሩም እንደሚሉት የሰማሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ13 ዓመት ውስጥ ስንቱን ኩርርታ በስህተት እንዳነበብኩት እግዜር ይወቀው።

መጀመሪያ የወሰድኳት ቦታ "እርጅና ነው" ብለው ደም እንኳን ሳይወስዱ ሸኙን። አሁን ሳስበው ይቆጨኛል። እርጅና በሽታ አይደለም። ያን ቀን ግን፣ መቼም አልዋሽም፣ እፎይ ብዬ ነው የወጣሁት። መስማት የፈለግኩት እሱን ነበር።

ከሳምንት በኋላ ግን ምግብ ስታሸት ከንፈሯን እየላሰች ፊቷን ማዞር ጀመረች። ሌላ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሸምገል ያሉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። መዘኗት፣ 3.4 ኪሎ። ደህና በነበረች ጊዜ 4.6 ነበረች። ደሟ ተመረመረ። ክሬያቲኒን የሚባለው፣ ኩላሊት ከደም ማጣራት ያለበት ቆሻሻ፣ ከፍ ብሏል። ሐኪሙ ወረቀቱን አስቀምጠው፣

"ልጄ፣ ኩላሊት ዝምተኛ ነው። አብዛኛው ክፍሉ ሥራ እስኪያቆም ድረስ ይህ ወረቀት ላይ አይናገርም" አሉኝ።

"ይድናል ወይ ዶክተር?"

"የሞተው አይመለስም። የቀረውን ማሰንበት ይቻላል።"

ማሰንበት። ይህን ቃል ይዤ ነው ወደ ቤት የተመለስኩት።

ከዚያ ቤቴ ክሊኒክ ሆነ። በር እጀታ ላይ የተንጠለጠለ ከረጢት፣ ረጅም ቀጭን ቱቦ፣ የመርፌ ሳጥን። የመጣ ሰው ሁሉ "ግሉኮስ ትወስዳለች እንዴ?" ይለኛል። ግሉኮስ አይደለም። ሪንገር ላክቴት ይባላል፣ ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ካልሲየም ያለበት ፈሳሽ ነው። የሚሰጠውም በደም ሥር ሳይሆን ከቆዳ በታች ነው። ድመት ከአንገቷ ዝቅ ብሎ፣ በትከሻዎቿ መካከል፣ ሰፋ ያለ ልል ቆዳ አላት። እናት ድመት ግልገሏን በአፏ የምታንጠለጥልበት አካባቢ ማለት ነው። ፈሳሹ እዚያ ገብቶ ይጠራቀምና ሰውነቷ ቀስ እያለ በሰዓታት ውስጥ ይመጠዋል። ለዳመና የታዘዘላት በሁለት ቀን አንዴ 100 ሚሊ ሊትር ነው። ይህ ልክ የእሷ ነው፣ ለኪሎዋና ለልቧ የተሰላ። የሌላ ሰው ድመት ልብ ይህን ላይችለው ይችላል።

ሐኪሙ ሲያሳዩኝ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀባቸውም። እኔና ታናሽ ወንድሜ ቤት ውስጥ ስንሞክረው አንድ ሰዓት ፈጀብን። በፎጣ ጠቀለልናት። ቆዳዋን በሁለት ጣት ወደ ላይ ሳብኩት፣ እንደ ድንኳን ቆመ። መርፌውን አስገባሁ። ቱቦውን ለቀቅኩት። ሲንጠባጠብ እያየሁ ኩራት ተሰማኝ። "አየህ? ቀላል ነው" አልኩት።

"አንቺ፣ ሱሪዬ ራሰ እኮ!"

መርፌው በአንዱ የድንኳን ግድግዳ ገብቶ በሌላኛው ወጥቷል። ዳመና ጋር የደረሰ አንድም ጠብታ የለም። ወንድሜ ጉልበት ላይ ግን ኩሬ ሠርቷል። ሳቅን። ቀጥሎ ወንድሜ ፎጣውን ሲያላላ አምልጣ አልጋ ሥር ገባች፣ እኔም ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሁለቱም በአምስት ደቂቃ ውስጥ ነው የሆነው።

አሁን እጄ ለምዷል። የመርፌው አፍ የተቆረጠበት ጎን ወደ ላይ መሆን አለበት። ድንኳኑን ከጎን ሳይሆን ከበሩ በኩል፣ ከሥሩ መግባት ነው። አፍታ ማመንታት ይብሳል፤ በቀስታ የተገፋ መርፌ የበለጠ ያማታል። ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ግን ከረጢቱን ቀድሞ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው። የድመት ሰውነት ከእኛ ይሞቃል፣ ደህና ስትሆን ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ነው። ክፍሉ ውስጥ የዋለ ፈሳሽ ለእኔ እጅ ምንም አይመስልም፣ ለእሷ ግን ከቆዳዋ ሥር የሚሄድ ብርድ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ትንቀጠቀጥ የነበረው ለዚህ ኖሯል። ከመስጠቴ በፊት ጥቂት ጠብታ የእጄ አንጓ ላይ አፈሳለሁ። ትኩስ ካልሆነ፣ ቀዝቃዛም ካልሆነ፣ ልኩ ነው። ሲያልቅ ትከሻዋ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት ይቀራል። አንዳንዴ ወደ አንድ እግሯ ይወርድና እንደ ጎረምሳ ደረቷን ነፍታ ወደ አንድ ጎን እየተንገዳገደች ትሄዳለች። ሲነጋ የለም።

የፓራሲታሞሉን ነገር ልናገር፣ ስለማፍርበት። ገና ሐኪም ሳናይ፣ አንድ ምሽት ትኩሳት ያላት መሰለኝና ግማሽ ኪኒን ፈጭቼ በማንኪያ ይዤ ነበር። ያዳነኝ እሷ አፏን አለመክፈቷ ነው። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት እንደ እኛ ማስወገድ አይችልም። መርዝ ሆኖ ደሟ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ለእኛ ምንም የማይመስል ቁራጭ እሷን ይገድላል። ለሐኪሙ ስነግራቸው አልተቆጡኝም፣ ዝም ብለው ድመቷን አዩዋት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከመርፌው በላይ የጨረሰኝ ግን ምግቡ ነው። ድመት ሁለትና ሦስት ቀን ምንም ካልበላች ገላዋ ላይ ያለው ስብ ተነቅሎ ጉበቷ ላይ ይከማችና ሌላ በሽታ ይሆናል። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ አልነበረኝም። ሳህን ይዤ ከክፍል ክፍል እከተላታለሁ። "አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሞቴ" እላታለሁ። አፍንጫዋ ሥር አስጠጋለሁ። እሷ ታዞራለች። እኔም እዞራለሁ። ለኩላሊት የታዘዘላትን ፎስፈረስ የተቀነሰበትን ምግብ አልነካ አለች። በስንት ልመና የምትበላውን አንዱን ተወዳጅ ምግቧን ደግሞ ኪኒኗን ደብቄበት አበላሸሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ እሱንም አትቀምስም። ሞኝነት ነው። እሷ ዘንድ ምግቡ ከዳት፣ እኔም ከዳኋት።

ሐኪሙ "ያቅለሸልሻታል እኮ፣ አልጠገበችም" አሉና የማቅለሽለሽ መድኃኒት ጨመሩላት። አንተስ ሆድህ እየተገላበጠ ሰው ሳህን ይዞ ቢከተልህ ምን ትላለህ? እኔ ሰው የሆነ ሁሉ ሲያቅለሸልሸው የሚያደርገውን አውቃለሁ፣ ለድመቴ ግን ትዝ አላለኝም። ደግሞም ትክክለኛውን ምግብ ካለመብላት የተሳሳተውን መብላት ይሻላል አሉኝ። ያ ቃል ከጫንቃዬ ላይ ድንጋይ አወረደ። አሁን ምግቡን ትንሽ አሞቀዋለሁ፣ ምክንያቱም ድመት በአፍንጫዋ ነው የምትበላው፤ ካልሸተታት ምግብ አይደለም። አስቀምጬ እሄዳለሁ። ወጥ ቤት ገብቼ ጀርባዬን ሰጥቼ ዕቃ የማጥብ እመስላለሁ። ሳህኑ ከወለሉ ጋር ሲጋጭ ከሰማሁ ትበላለች ማለት ነው። ውሃውን ዘግቼ አዳምጣለሁ።

ኪኒኑ አሁን ብቻውን ነው የሚሰጣት፣ ከኋላው መርፌ በሌለው ስሪንጅ ጥቂት ውሃ በአፏ ጎን። ደረቅ ኪኒን ጉሮሮ ላይ ቀርቶ ያቆስላል።

አንድ ነገር ግን አልስተካከል አለኝ። ኮቴዬን ስትሰማ መሸሽ ጀመረች። የቁም ሳጥኑ በር፣ የፕላስቲኩ ኮሽታ፣ የፎጣው ሽታ፣ ሁሉም ለእሷ መርፌ ነው። 13 ዓመት ጭኔ ላይ የተኛች ድመት ስገባ ሶፋው ሥር ትገባለች። ለእሷ ብዬ እንደሆነ ማን ይንገራት? ወንድሜ "ቂም ይዛብሻለች" ብሎ ያሾፋል። ቂም አይደለም፣ ሒሳብ ነው። እጄ በመጣ ቁጥር የሆነ ነገር ይዞ ነው የሚመጣው፤ ወይ መርፌ፣ ወይ ኪኒን፣ ወይ ሳህን።

ስለዚህ ቦታ ለየሁ። መርፌ መታጠቢያ ቤት ብቻ፣ በአንድ ሰዓት ብቻ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት። አልጋዋና መስኮቷ አካባቢ ምንም አይደረግባትም፣ ሚዛን እንኳን። ሌላ ጊዜ ደግሞ ባዶ እጄን ሄጄ ወለሉ ላይ እቀመጣለሁ። አልነካትም፣ አልጠራትም። ስልኬን አያለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ምንም የለም። በሁለተኛው ከሶፋው ሥር የአፍንጫዋ ጫፍ ወጣ። ከዚያ አንድ ቀን መጥታ ጣቶቼን አንድ በአንድ አሸተተች፣ እንደ ፈታሽ። ባዶ መሆናቸውን አረጋግጣ ጉልበቴ አጠገብ ተጋደመች። ጭኔ ላይ አይደለም። አጠገቡ።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እነቃለሁ። ልማድ ሆኖብኛል። በስልኬ ብርሃን ጎኗ ሲነሳና ሲወድቅ እቆጥራለሁ። ተነስቶ ሲወድቅ አንድ ነው። ፈሳሹ ከበዛባት ሳንባዋ ላይ ሊጠራቀም ስለሚችል ተኝታ በደቂቃ ከ30 ካለፈ እንድደውል ታዝዣለሁ። 22። 24። 21። አንዳንዴ ዓይኗን ከፈት አድርጋ ታየኛለች፤ ይህች ሴትዮ ምን ሆና ነው የምትል ይመስለኛል።

ሁሉንም ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ክብደት፣ የበላችው፣ ያስመለሰችው፣ የሽንቱ ጓል ብዛት። በመጨረሻው ዓምድ ላይ "ሌላ" የሚል አለ። አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። ዛሬ 3.6 ኪሎ ሆናለች። ከመጨረሻው ሚዛን 100 ግራም ጨምራለች። 100 ግራም ምን አላት፣ ግን ሦስት ጊዜ መዘንኳት።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ የመስኮቱን ደፍ ቀና ብላ አየችው። ከታመመች ወዲህ ወጥታበት አታውቅም። የኋላ እግሮቿን ሰብሰብ፣ መቀመጫዋን ወዝወዝ አደረገችና ዘለለች። የፊት እጆቿ ደፉን ነኩ፣ የኋላው ቀረ። ተንሸራታ ወረደች። ወዲያው ቁጭ ብላ ትከሻዋን መላስ ጀመረች፣ ድሮም ለዚያ እንደመጣች ሁሉ። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ።

እኔ ስልኬ ላይ አቀርቅሬ ነበር። ምንም አላየሁም።

"ሌላ" የሚለው ላይ ግን ጻፍኩት። እሷ እንቅልፍ ሲወስዳት ደግሞ ዝቅ ያለችዋን በርጩማ፣ ድምፅ ሳላሰማ፣ መስኮቱ ሥር አስጠጋሁ።