«ሌይ ኦፍ» ተደረግሽ እንጂ አልተባረርሽም

በፈረንጆቹ ማርች 2020 በኮሮና ምክንያት የዋሽንግተንና የአካባቢዋ ሆቴሎች ባዶ ሲቀሩ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ዘመዴ ሁሉ ተራ በተራ ደወለልኝ። ክፍል የሚያጸዱት፣ ፓርኪንግ የሚሠሩት፣ ኪችን ያሉት፣ ሁሉም «ተባረርኩ» ነው ያሉኝ። አክስቴ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ምን አጥፍቼ ነው ብዬ ልጠይቃቸው እንዴ?» አለችኝ። ማናጀሯ ምን እንዳለቻት ስጠይቃት ግን «ሌይ ኦፍ» የሚለውን ሰምታለች።

እዚህ አገር «ፋየር» መደረግና «ሌይ ኦፍ» መደረግ ለየቅል ናቸው። ፋየር ሲሆን ምክንያቱ ሠራተኛው ነው፤ አርፍዷል፣ ተጣልቷል፣ ሥራውን አልቻለም። ሌይ ኦፍ ሲሆን የጠፋው ሥራው ነው፣ ወይም ገንዘቡ። አማርኛችንም ቢሆን ለዚህ ቃል አላጣም፤ አገር ቤት «በቅነሳ ወጣ» ይባላል፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ቅነሳን ለብቻው ደንግጎታል። እዚህ ስንመጣ ለምን ሁሉንም «ተባረርኩ» እንደምንለው እንጃ።

ነገሩ የቋንቋ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት። ሥራ ያጣ ሰው ከስቴቱ ክፍያ የሚጠይቅበት የአንኢምፕሎይመንት ፎርም ከሥራ የወጣችሁበትን ምክንያት ይጠይቃል። ሥራ በመጥፋቱ ነው ያለ ሰው፣ ቀደም ሲል በቂ ደሞዝ ሠርቶ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይከፈለዋል። ፋየር ተደረግኩ ብሎ የሞላ ግን ምን አጥፍተህ ነው ይባላል፤ ስቴቱ አሠሪውን እስኪጠይቅ ፋይሉ ይቆማል፣ ክፍያውንም ሊከለከል ይችላል። ያኔ ደግሞ ለኮሮና ጊዜ የወጣው የድጎማ ሕግ፣ ኬርስ አክት፣ እስከ ጁላይ መጨረሻ ድረስ በመደበኛው ክፍያ ላይ በሳምንት 600 ዶላር ይጨምር ነበር። አክስቴ «ፋየርድ» የሚለውን ልትጫን ስትል እጇን ያዝኩት።

ቃሉን ብትፈቱት «ሌይ» ማስቀመጥ፣ «ኦፍ» ደግሞ ገለል ማለት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ሥራ ሲቀዘቅዝ ሠራተኛውን ለጊዜው ገለል አድርጎ፣ ሥራ ሲመጣ መልሶ ለመጥራት ይሉት ነበር። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ያ «ለጊዜው» ከቃሉ እየወጣ ሄዷል፤ ሌይ ኦፍ የተደረገ ብዙውን ጊዜ አይጠራም። ለጊዜው ማለት ሲፈልጉ «ፈርሎ» ይላሉ፤ እሱ ከደች ቋንቋ የመጣ፣ ድሮ የወታደር ፈቃድ የሚባልበት ቃል ነው።

ስትናገሩት «ሚ» መሀል ይገባል፦ «ዘይ ሌይድ ሚ ኦፍ»። «ሌይድ ኦፍ ሚ» አይባልም። ከሥራ ውጭም ብዙ ትሰሙታላችሁ። የሚነተርከውን ወንድሙን «ሌይ ኦፍ!» የሚል ልጅ ተወኝ እያለ ነው። ሐኪም «ሌይ ኦፍ ዘ ሶልት» ካለ ጨው ተው ማለቱ ነው፤ አክስቴ ይህን ስትሰማ «ጨውንም አባረሩት?» ብላ አስቃናለች።

ትልቅ ድርጅት ውስጥ የምትሠሩ፣ በፈረንጆቹ 1988 የወጣውን ዋርን አክት የሚባለውን ሕግ እወቁት። 100ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ሲዘጋ ወይም በጅምላ ሲቀንስ ከ60 ቀን በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያዛል። እንደ ኮሮና ያለ ድንገተኛ ነገር ሲመጣ ጊዜው የሚያጥርበት አንቀጽ አለው እንጂ ወረቀቱ አይቀርም። ትንሽ ቤት የምትሠሩም ብትሆኑ ሌይ ኦፍ መደረጋችሁን ማናጀራችሁ በወረቀት ወይም በኢሜይል ይጻፍላችሁ። በቃል የተነገረውን በኋላ ማን ያምናችኋል?

እንግሊዝ ያላችሁ ግን የእኛን ምክር እንዳለ አትውሰዱ። እናንተ ዘንድ ቃሉ በሕጉ ውስጥ የጥንት ትርጉሙን እንደያዘ ነው፤ ውላችሁ ሳይፈርስ ለጊዜው ሥራ የለም፣ ቤት ቆዩ ማለት ነው። ለዘለቄታው ሲሆን «ሪደንደንሲ» ይባላል። ቤት መቆየቱ 4 ተከታታይ ሳምንት ከሞላ፣ ወይም በ13 ሳምንት ውስጥ 6 ከደረሰ፣ 2 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ራሱ የሪደንደንሲ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው በጽሑፍ ነው የሚቀርበው፣ የጊዜ ገደብም አለው፤ አሠሪው ይጠራኛል ብላችሁ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ።