«ዝኒ ከማሁ» ያዋረደኝ

ስለ ምድር ባቡር ሠራተኞች የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን ስጽፍ በአኅጽሮተ ቃላት ጉዳይ ያስጠነቀቀኝ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ዛሬ የድሬዳዋውን ከዚራ ሰፈር አንገቴን ደፍቼ አላልፍም ነበር።

አብዛኛው ቀላል ነው። «ወ.ዘ.ተ.» ወዘተርፈ ስለሆነ «እና ወ.ዘ.ተ.» አይባልም፤ «እና» ውስጡ አለ። «ኢት አል» በአማርኛ ጽሑፍ «እና ሌሎች» ቢባል ማንም አይሞትም። ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. ግን ይለዩ፦ ባቡሩ ድሬዳዋ የገባው በ1895 ዓ.ም. ነው፣ እ.ኤ.አ. ደግሞ በ1902። በእኔ የመጀመሪያ ረቂቅ ባቡሩ በሰባት ዓመት ልዩነት ሁለት ጊዜ ገብቷል።

ጉዱ ያለው «ዝኒ ከማሁ» ላይ ነው። ፈረንጆቹ ኢቢድ የሚሉት ሲሆን፣ ከላዩ ያለውን የግርጌ ማስታወሻ ይጠቁማል። የትምህርት ክፍሉ መመሪያ ምንጭ በተደጋገመ ቁጥር ተጠቀሙበት ይላል። እኔም ታዘዝሁ። በሦስተኛው ምዕራፍ የአንድ ጡረተኛ የባቡር ነጂን ስም አንዴ ጠቅሼ፣ ከሥሩ ስድስት «ዝኒ ከማሁ» ደረደርሁ።

ጥናቱን ላቀርብ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አማካሪዬ «ሌላ ምስክር ጨምር» አሉኝ። የአንድ የቀድሞ የጣቢያ ኃላፊን ቃል መሐል ላይ አስገባሁ። ኮምፒውተሩ ቁጥሮቹን በታማኝነት አስተካከለ። ከዚያ በታች ያሉት አራት «ዝኒ ከማሁ» ግን ጌታቸውን ቀየሩ። ነጂው በጅቡቲ መስመር ያሳለፏቸው ሌሊቶች ሁሉ የኃላፊው ሆኑ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ደግሞ ለዓመታት ሰላም አይባባሉም።

ፈታኞቹ አላዩትም። እነርሱ «ዶ/ር» በሕዝባር ይሁን በነጥብ ሲከራከሩ ሰዓቱ አለቀ። ያዩት የታሪኩ ባለቤት፣ ነጂው ራሳቸው ናቸው። የተጠረዘውን ቅጂ በኩራት ቤታቸው ወሰድሁላቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው ከግርጌው ጀመሩ።

«ልጄ፣ ይህ ሰውዬ እኮ በሕይወቱ ባቡር ነድቶ አያውቅም» አሉኝ።

ስለዚህ መመሪያው ያሻውን ይበል፣ በየግርጌው አጭር ስምና ገጽ ጻፉ። የቺካጎው የአጻጻፍ መመሪያ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው 17ኛ እትሙ ከኢቢድ ይልቅ አጭሩን ጥቅስ መርጧል። የግድ ከተባላችሁም አጭሩን ስም ወደ «ዝኒ ከማሁ» ኅትመቱ ዋዜማ ላይ ለውጡት፣ ከዚያ በኋላ አንዲት መስመር አትንኩ።

የነጂውን ቅጂ በእስክርቢቶ አረምሁላቸው። ቤተ መጻሕፍቱ ግን «የጸደቀ ጽሑፍ አይነካም» ብሎ መለሰኝ። እዚያ መደርደሪያ ላይ እስከ ዛሬ ባቡሩን የሚነዱት ኃላፊው ናቸው።